ያልወለቀውን መመለስ፦ ስለ ወገብና ዳሌ ሕመም የወጌሻና የሐኪም ምልልስ

ወገብ በአማርኛ ከጎድን አጥንቶች መጨረሻ አንሥቶ እስከ ዳሌ አጥንት አናት ያለው የጀርባ ክፍል ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ የታመመ ሰው ወገቡን፣ ዳሌውን፣ መቀመጫውንና ታፋውን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ የወገብ ሕመም ስለሚለው፣ ስሙ ከስፍራው ሰፍቶ ይገኛል። ሕመሙን ያመጣውን ጉዳት ለመሰየም ደግሞ ሁለት ቃላት ገንነዋል፤ ወደ ወጌሻ የሄደ ሰው ወገቡ «ወለቀ» ይባላል፣ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ዲስኩ «ተንሸራተተ» ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከቦታው የወጣ ነገር እንዳለና ወደ ቦታው መመለስ እንደሚገባው ስለሚያመለክቱ፣ የታማሚውን አሳብ ብቻ ሳይሆን የአካሚውንም እጅ ይመራሉ። የሚከተለው ምልልስ ይህንኑ ነገር የሚመረምር ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ፣ በዕድሜ የገፉት ወጌሻና የአጥንት ሐኪሟ፣ ሙያቸውን እንዲወክሉ የታሰቡ እንጂ በሕይወት ያሉ ሰዎች አይደሉም።

ወጌሻው፦ ልጄ፣ ወጌሻ የሚያየው በእጁ ነው። ትከሻ ሲወልቅ የክንዱ አናት ከጎድጓዳው ወጥቶ ሌላ ቦታ ይዳሰሳል፤ ክርን ሲወልቅም ቅርጹ ተዛብቶ ይታያል፤ ስበው አቅጣጫውን አስተካክለው ሲመልሱት ደግሞ ቤቱ መግባቱ ለአካሚውም ለታማሚውም እኩል ይታወቃል። ወገቡን ይዞ ጎብጦ የመጣ ሰውም በቅቤ ከታሸና ከተሳበ በኋላ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ቀና ብሎ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታዲያ ያልወለቀ ነገር እንዴት ብሎ ይመለሳል?

ሐኪሟ፦ አባባ፣ ስለ ትከሻና ስለ ክርን የተናገሩት እውነት ነው፤ የወገብ አሠራር ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። የአከርካሪ አጥንቶች በአብዛኛው ሰው ላይ 33 ሲሆኑ፣ 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ፤ ከእነዚህ በታች ያሉት 5ቱ በዕድገት ተጣብቀው የዳሌን የኋላ ግድግዳ ይሠራሉ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ያህሉ ደግሞ የጭራ አጥንት ይሆናሉ። በወገብ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል አካል አለ፤ ዙሪያው ተደራርበው እንደ ቀለበት በተጠመጠሙ ጠንካራ ክሮች የተሠራ ሲሆን፣ መካከሉን የሚሞላው በወጣትነት ዘመን ከአምስት እጅ አራት እጁ ያህል ውሃ የሆነ ልዝብ ነገር ነው። ይህ ዲስክ ከላዩና ከታቹ ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ ያደገ ስለሆነ፣ ከእጅ እንደሚያመልጥ ሳሙና ከመካከላቸው ተስፈንጥሮ አይወጣም። አጥንቶቹንም ከፊትና ከኋላ ረጃጅም ጅማቶች፣ ከግራና ከቀኝ ደንዳና ጡንቻዎች አስረው ይዘዋቸዋል። እንዲህ የታሰረን አከርካሪ የሚያወልቅ ኃይል የመኪና ግጭት ወይም ከፎቅ መውደቅ የሚያክል ነው፤ ይህ የደረሰበት ሰው ደግሞ በእግሩ ሄዶ የወጌሻን ደጃፍ አያንኳኳም። የሚሰማው ድምፅ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ በድንገት ከሚፈጠር የጋዝ ክፍተት የሚመጣ ነው፤ ጣቶቹን የሚያንቋቋ ሰውም ያንኑ ድምፅ ይሰማል፣ ጣቶቹ ግን አልወለቁም።

ወጌሻው፦ ሰውየው ቀና ማለቱስ?

ሐኪሟ፦ ጡንቻው ስለላላ ነው። የተጎዳ መገጣጠሚያ ወይም የተቆጣ ነርቭ በአካባቢው ያሉትን ጡንቻዎች እንደ ገመድ ያከራቸዋል፤ ጎብጦ መሄዱ የአጥንት መዛነፍ ሳይሆን የዚህ መክረር ውጤት ነው፤ የሞቀ እጅና ማሸት ደግሞ ያላላዋል። ስለዚህ እጅዎ የሠራው ሥራ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው ለሥራው የተሰጠው ስም ነው።

ወጌሻው፦ ስሙ ከተሳሳተ ሐኪሞቹም «ዲስክ ተንሸራተተ» ሲሉ ይኸው ስሕተት አለባቸው ማለት ነዋ።

ሐኪሟ፦ አለባቸው። በሐኪም ቤት የዲስክ መንሸራተት የሚባለው ነገር ሲገለጥ፣ የዲስኩ የዙሪያ ቀለበት በዕድሜ፣ በተደጋጋሚ ሸክም ወይም በድንገተኛ ጫና ተሰንጥቆ፣ መካከል ላይ ያለው ልዝብ ነገር በስንጥቁ በኩል ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መውጣቱ ነው። ስፌቱ የተተረተረ ትራስ ጥጡ በቀዳዳው ብቅ ቢል ትራሱ ተንሸራተተ አይባልም፤ የወጣውንም ጥጥ ትራሱን ከውጭ በመጠምዘዝ ወደ ውስጥ መመለስ አይቻልም። በወገብ ላይ ከሚደርሰው እንዲህ ያለ ጉዳት ከአሥር ዘጠኙ የሚበልጠው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ፣ ማለትም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከልና በአምስተኛውና በዳሌው አጥንት መካከል ባለው ላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሸክም የሚያነሣ ሰው የላይኛው አካሉና የሸክሙ ክብደት በዋናነት የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነውና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አልፍ ናኬምሰን የተባለ የስዊድን ሐኪም በሕያዋን ሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን በመለካት፣ ግፊቱ በመተኛት ጊዜ እጅግ እንደሚቀንስ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ ክብደት በመያዝ ጊዜ ግን በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ከሰውነት አርቆ ከመሬት የሚያነሣው ሰው ወገብ ግን የሚሸከመው ሃያ ኪሎ ብቻ አይደለም።

መንሸራተት የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለሌላ በሽታ ነው። አንዱ የወገብ አጥንት ከታቹ ባለው አጥንት ላይ ወደ ፊት የሚሄድበት ሁኔታ አለ፤ ይህንን በ1782 እ.ኤ.አ. ኤርቢኞ የተባለ የቤልጅግ አዋላጅ ሐኪም ምጥን የሚያግድ የአጥንት ጉብታ ሆኖ አገኘው፣ በ1854 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኪሊያን የተባለ ጀርመናዊ ከግሪክኛ «የአከርካሪ መንሸራተት» ማለት የሆነውን ስም አወጣለት። ሕዝቡ ግን ስሙን ለማይንሸራተተው ሰጠው።



ወጌሻው፦ ሐኪሞች ሕመሙ ከዲስክ እንደሚመጣ የተረዱት ከመቼ ወዲህ ነው?

ሐኪሟ፦ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሐኪሞች የወገብንና የእግርን ሕመም በዳሌና በአከርካሪ መጋጠሚያ ያሳብቡ ነበር። ቀዶ ሐኪሞችም ነርቭን ተጭኖ ያገኙትን የዲስክ ቁራጭ እያወጡ፣ የልም አጥንት ዕጢ ነው ብለው ይመዘግቡት ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች፣ ዕጢ ሲባል የኖረው ነገር ከዲስክ የወጣ መሆኑንና እግር ድረስ የሚወርደውን ሕመም እንደሚያመጣ ጽፈው አሳተሙ። ዕጢ የሚለው ስም በቆየበት ዘመን ሁሉ መድኃኒቱ ማውጣት ብቻ ነበር፤ ዕጢ በራሱ ይድናል ብሎ የሚጠብቅ የለምና።

ወጌሻው፦ ሕመሙ በወገብ ተጀምሮ እስከ እግር የሚወርደው ታዲያ በምን መንገድ ነው? ዳሌዬን እያለ የሚመጣውን ከወገብ ታማሚ የሚለየውስ ምንድን ነው?

ሐኪሟ፦ ጥያቄው ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የተሳሳተ እጅ በተሳሳተ ስፍራ የሚያርፈው ከዚህ የተነሣ ነውና። ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ግንድ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት ግድም ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያሉት የነርቭ ሥሮች ተበታትነው ስለሚንጠለጠሉ፣ የጥንት ሊቃውንት የፈረስ ጭራ ብለው ሰይመዋቸዋል። ከእነዚህ ሥሮች የታችኞቹ ተባብረው በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚወፍረውን፣ አውራ ጣት የሚያክለውን ሳያቲክ የተባለ ነርቭ ይሠራሉ፤ እርሱም በመቀመጫ ጡንቻ ሥር አልፎ በጭን ጀርባ ወደ ባትና ወደ እግር ይወርዳል። ሥሩ ወገብ ላይ ሲነካ፣ እግር ያማል። በ1764 እ.ኤ.አ. የኔፕልሱ ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ነው ይህን የነርቭ ሕመም ከዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የለየው፤ ከእርሱ በፊት ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

አለያየታቸው በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ለወጌሻ እንግዳ አይሆንበትም። ከነርቭ ሥር የሚመጣው ሕመም ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ እንደ እሳት ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል፣ በሳልና በማስነጠስ ይብሳል። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩ ሲነሣለት፣ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ ሕመሙ እስከ ባት ከሮጠ የነርቭ ሥር ተነክቷል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ምርመራው በፈረንሳዊው ላሴግ ስም ይጠራ እንጂ፣ በ1881 እ.ኤ.አ. የጻፈው የእርሱ ተማሪ ፎርስት ነው፣ ሰርቢያዊው ላዛሬቪችም ከዚያ በፊት በ1880 ጽፎታል። የመጨረሻው የወገብ ነርቭ የተነካበት ሰው የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሣትና በተረከዙ መሄድ ይሳነዋል፤ ከእርሱ በታች ያለው የተነካበት ደግሞ በጣቶቹ ጫፍ መቆም ያቅተዋል።

የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ከዚህ ይለያል። ሰዎች ዳሌ ሲሉ እጃቸውን ከጎን ወይም ከመቀመጫ ላይ ያሳርፋሉ፤ መገጣጠሚያው ራሱ ግን ጥልቅ ስለሆነ ሲታመም በአብዛኛው የሚሰማው በብሽሽት ነው፣ አንዳንዴም ወደ ጉልበት ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሰው ካልሲ ማጥለቅ፣ ቁጢጥ ማለት፣ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ተኝቶ ጭኑ ወደ ውስጥ ሲዞርም ብሽሽቱን ያመዋል። ከጎን በኩል ባለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ የሚያመውና በዚያ ጎን መተኛት የሚከለክለው ደግሞ የጅማት ሕመም ነው። በተለይ ልጆች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጉልበቴን እያለ የሚያነክስ ልጅ ጉልበቱ ደኅና ሆኖ ዳሌው የታመመ ሊሆን ይችላል፤ በጉርምስና ዕድሜ የጭን አጥንት አናት ከአንገቱ ላይ የሚንሸራተትበት በሽታ አለና፣ እንዲህ ያለውን ዳሌ መጠምዘዝ የአጥንቱን የደም ሥር ሊያጠፋ ይችላል።

ወጌሻው፦ በእጅ ይህን ያህል ከታወቀ ሰውን ሁሉ ኤም አር አይ የሚባለውን የውስጥ ፎቶ ተነሣ ማለት ለምን አስፈለገ? ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ እኮ ከሕመሙ ይልቅ ወረቀቱ ያስፈራዋል።

ሐኪሟ፦ ይህ ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም የሚቀበሉት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት የጀርባ ሕመም የሌላቸው 98 ሰዎች በኤም አር አይ ታይተው፣ ዲስኮቻቸው ሁሉ ደኅና ሆነው የተገኙት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ፣ 27 በመቶዎቹ ደግሞ ገፍቶ የወጣ ዲስክ ነበራቸው። ስለዚህ በፎቶው ላይ የታየው ነገር ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም፤ ሽበት የራስ ምታት ምክንያት እንደማይሆን ሁሉ፣ የዲስክ መድረቅም ብዙ ጊዜ የዕድሜ ምልክት ብቻ ነው። ፎቶው የሚጠቅመው በእጅና በጥያቄ የተገኘ ጥርጣሬ ሲኖር፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም የታችኛው ጀርባ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ይሆናሉ ተብሎ ተገምቷል፤ የአብዛኞቹ ሕመም ደግሞ በፎቶ ተለይቶ ሊጠቆም የሚችል አንድ ምክንያት የለውም።

ወጌሻው፦ የወጣው የዲስክ ቁራጭ ካልተመለሰና ካልተቆረጠ የት ይሄዳል?

ሐኪሟ፦ ሰውነት ይበላዋል። ልዝቡ ነገር ከቀለበቱ ውጭ ሲገኝ ነጭ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል፣ ቀስ በቀስም ያሟሙታል፤ የሚያስገርመው፣ ተቆርጦ የወጣው ትልቁ ቁራጭ ጥቂት ካበጠው ይልቅ ቶሎ መጥፋቱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት በጽኑ የእግር ሕመም የቆዩ 283 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ሌላውን እንዲታገሥ አደረገ። ቀዶ ሕክምና ያገኙት ቶሎ ተሻላቸው፤ በዓመቱ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ከታጋሾቹ 39 በመቶው ሕመሙን መቻል አቅቷቸው በኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸው መሸሸግ የለበትም፤ ቀዶ ሕክምና ጊዜን ይገዛል፣ ለአንዳንዱም ሰው ጊዜው ዋጋ አለው።

ወጌሻው፦ እስከዚያው አልጋ ላይ ይዋል?

ሐኪሟ፦ አይዋል። የቀድሞ ሐኪሞች ለሳምንታት መተኛትን ያዝዙ ነበር፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ 186 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን፣ ሕመሙ እስከፈቀደላቸው ድረስ የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት ለሁለት ቀን ብቻ እንኳ እንዲተኙ ከታዘዙት ይልቅ ፈጥነው መዳናቸውን አሳየ። ዲስክ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከአጥንቱ በኩል በሚሰርገው ፈሳሽ ነው፤ መንቀሳቀስም ይህን ያግዛል። መንቀሳቀስ ማለት ግን ኩንታል ማንሣት ማለት አይደለም፤ መራመድ፣ ቀስ በቀስም የሆድንና የወገብን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መሥራት ማለት ነው።

ወጌሻው፦ ወገብን በመቀነት ማሰርስ? ሸክም የሚሸከሙት ሁሉ ይታጠቁታል።

ሐኪሟ፦ ሸክም በሚነሣበት ሰዓት መታጠቅ ለጊዜው የመጠንከር ስሜት ይሰጥ ይሆናል። ለሰነበተ የወገብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ሲታሰብ ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቀበቶንም፣ በክብደት ወይም በመሣሪያ መሳብንም አልደገፈም። ማሸትን ግን እንደ ሁኔታው ከሚጠቅሙት ውስጥ ቆጥሮታል። ስለዚህ አባባ፣ ቅቤው ይቅር የሚልዎት የለም፤ ይቅር የሚባለው መሳቡ ነው።

ወጌሻው፦ ወጌሻ ከሁሉ የሚፈራው የሚጎዳውን ሳያውቅ መንካት ነው። የማይነካውስ የትኛው ነው?

ሐኪሟ፦ በመጀመሪያ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ነው። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ከሽባነት ጋር አያይዞ የጻፈው የአከርካሪ ጉብጠት በኋላ የቲቢ ሥራ መሆኑ ታውቋል፤ ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ይህ በሽታ እዚህ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ቲቢ የበላው አጥንት እንደ ነቀዘ እንጨት ስለሆነ፣ ጉብታውን ለማስተካከል የሚጫን እጅ አጥንቱን ህብለ ሰረሰር ላይ ሊንደው ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ላይ ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታም በወገብና በዳሌ መጋጠሚያ ላይ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል። ሁለቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ በተረከዙ ያረፈ ሰው አለ፤ ተረከዙ ተሰብሮ ቢገኝ ወገቡም አብሮ መታየት አለበት፣ ኃይሉ ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ አከርካሪ ይወጣልና። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ደግሞ ወንበር ስተው ቢቀመጡ እንኳ አከርካሪያቸው ሊሰበር ይችላል። ካንሰር ታመው የሚያውቁ ሰዎችም ሌሊት የሚብስ የወገብ ሕመም ሲጀምራቸው ሳይመረመሩ መነካት የለባቸውም።

ወጌሻው፦ እነዚህ ሲነጋ ሊላኩ ይችላሉ። ሊነጋ የማይጠበቅለትስ አለ?

ሐኪሟ፦ አንድ አለ። ትልቅ የዲስክ ቁራጭ የፈረስ ጭራ የተባሉትን ነርቮች በአንድነት ሲጨፈልቃቸው፣ ሰውየው ፈረስ ላይ ቢቀመጥ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ሁሉ ይደነዝዝበታል፤ ሽንቱ ይያዝበታል ወይም ሳያውቀው ያመልጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እግሮቹ ይከዱታል። የሚገርመው፣ አንዳንዱ በዚህ ሰዓት ሕመሙ ቀንሶለት የተሻለው ይመስለዋል፤ የቀነሰው ግን ነርቩ ስለ ደነዘዘ ነው። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተደረገ፣ ሽንትን የመቆጣጠር ኃይል ሳይመለስ ሊቀር የሚችልበት ዕድል ይሰፋል።

ወጌሻው፦ እንግዲህ ወገቡን ይዞ ለመጣ ሰው፣ ከመዳሰሱ በፊት ስለ ሽንቱ መጠየቅ ይቀድማል።

ሐኪሟ፦ ይቀድማል። መልሱ ሽንት እንቢ ብሏል ከሆነ፣ ያ ሰው በዚያው ሌሊት የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ፤ እስኪላክም ድረስ ወገቡን ማንም አይሽ።